ያልጎለመሰችው ሸረሪት

ጥቅምት 18

ሥራ። ማይክሮስኮፕ፣ አልኮል፣ የአንገት ሕመም። ይህ የሸረሪት ወገን ትንሽ ነው፤ የታወቁት ዝርያዎቹ አራት ብቻ። ከግድግዳ ስንጥቅ ያገኘኋት ግን አንዳቸውንም አትመስልም... አምስተኛ ትሆን? ገና ልጅ ናት። ሸረሪት ሳትጎለምስ በውል አትለይም።

አለቃዬ፣ «አሳድገህ አምጣት» አሉኝ።

አሳዳጊ ሆንኩ።

ጥቅምት 20

ቢሮው ስለሚበርድ ብልቃጡን ቤት አመጣሁት። «ደግሞ ይሄ ምንድነው?» አለች እናቴ። አባባ ከሞተ ወዲህ ስትጠይቀኝ የመጀመሪያ ጊዜዋ ነው። ቀብሩ ላይ እንኳ አላለቀሰችም። ሰው ሁሉ ታዘበን።

ኅዳር 2

ዝንብ እየያዘች ታበላታለች። እናቴ! «ብዪ እንጂ፣ አንቺ ከሲታ!» እኔን እንዲህ ለምናኝ አታውቅም።

ሸረሪቷ እንድትለይ አልኮል ውስጥ ገብታ መሞት አለባት። ይህን ለእናቴ አልነገርኳትም... እንዴት ይነገራል?

ኅዳር 9

ስገባ ወጥ ቤት ወለል ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። ጮክ ብላ። ብልቃጡ ተከፍቷል፤ መዳፏ ላይ እግሮቹን ያጠፈ ነገር።

«ሞተች! ጠዋት ደህና ነበረች እኮ!»

ከዚያ አባባን መጥራት ጀመረች። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

መዳፏ ላይ ያለውን ሳየው ባዶ ቆዳ ነው። ጎልምሳ ጥላው ወጥታለች። ሸረሪቷ ክዳኑ ውስጥ ተለጥፋለች፣ ደህና ናት።

ለእናቴ አልነገርኳትም። ብልቃጡን ከደንኩት።

ኅዳር 10

አሁን ማንም አይፈልጋትም፤ ተለቅሶላታል። እንዴት ይመቻል... ይህን ያሰብኩት እኔ ነኝ?

ቢሮ አልኮሉን ከፈትኩ። መልሼ ከደንኩ።

«ምን ሆነሃል?» አሉ አለቃዬ።

«ሐዘን ላይ ነኝ።»

«ማን ሞተ?»

«ማንም።»

ራት ላይ ለእናቴ እውነቱን ነገርኳት። ብልቃጡን ስታይ ቆየች።

«ታዲያ ለማን ነው ያለቀስኩት?»

«ለአባባ።»

«እሱማ... አሁን ምን ልታደርጋት ነው?»

«ልገድላት።»

«ጨካኝ!» ሳህኖቹን አነሳች። ከወጥ ቤት ሆና፣ «ውሰዳት። ሁለቴ አላለቅስም።»

ኅዳር 12

አምስተኛ አይደለችም። ከአራቱ አንዷ ናት፤ በልጅነቷ ብቻ ነው የማትመስለው። ወገኑ እንደ ነበረ አራት ሆኖ ቀረ። አለቃዬ፣ «ይህም ውጤት ነው» አሉ። ነው?

ለእናቴ ነገርኳት። ትቆጣለች ብዬ ነበር።

«አባትህም እንደዚሁ ነበር» አለች። «ሳገባው ከዘመዶቹ ማንንም አይመስልም። የወደድኩትም ለዚህ ነው። አርባ ሲሞላው ቁጭ አባቱን! ማንኮራፋቱ ሳይቀር። ተታለልኩ።»

ሳቀች። ቀጠለች፤ ስለ ጫማው፣ ስለ ግትርነቱ... ራቱ ቀዘቀዘ። ላሞቀው ብድግ ስል እጄን ያዘችኝ።

«ተቀመጥ። አልጨረስኩም።»