ቁሙ የሚላቸው ሲጠፋ

ቅዳሜ፣ ኅዳር 11 ቀን 2003 ዓ.ም.፣ የካ

ዛሬ የማስተርስ ሴሚናሬን ሳቀርብ አንድም ቦታ አልተደናቀፍኩም። የጡት ሴሎች ዝም ብለው አያድጉም፤ ግሮውዝ ፋክተር የምንላቸው መልእክቶች ይደርሷቸዋል። እደጉ ሲባሉ ያድጋሉ፣ ቅርንጫፍ ያወጣሉ፤ ሲበቃም ቁሙ ይባላሉ። እደጉ የሚለው መልእክት አላባራ ካለ ግን ነገሩ ወደ ዕጢ ይሄዳል። ይህን ሁሉ ስናገር መምህሩ ራሱን በአዎንታ ይነቀንቅ ነበር።

ዳገቱን ወጥቼ ቤት ስገባ የእማዬ የጸሎት ጓደኞች ሳሎኑን ሞልተውታል። ባለፈው ሳምንት ጡቷ ላይ ላለው እብጠት እጅ ጭነው ጸልየውላት፣ «ተፈውሰሻል» ብለዋታል። ከዚያ ወዲህ እዚህ ቤት ሐኪም ማንሳት ጥርጣሬ መዝራት ነው። ነገ እማዬ ቤተ ክርስቲያን ስለ መፈወሷ ምስክርነት ትሰጣለች።

«አንቺም አብረሽኝ ትቆሚያለሽ» አለችኝ በሴቶቹ ፊት። «የምትማሪው ይህንኑ አይደል? አንቺ ስትናገሪ ማን ይጠራጠራል?»

ሴቶቹ አሜን አሉ። እኔ ዝም አልኩ። ዝምታዬን እሺታ አደረጉት፤ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ሲሄዱ እማዬ መኝታ ቤት ጠራችኝና እጄን ወስዳ ጡቷ ላይ አኖረችው። እብጠቱ አለ። ጠጣር ነው፣ ገፋ ሳደርገው ከቦታው አይነቃነቅም።

«ጠፍቷል አይደል?» አለችኝ ዓይን ዓይኔን እያየች።

«እማዬ፣ ሰኞ ሐኪም ቤት...» ብዬ ጀመርኩ። እጄን ላነሳ ስል በሁለት እጇ ይዛ እዚያው አስቀረችው።