የናኦል የራስ ቁር

ሰኞ

እማዬ ጠረጴዛዬን ከሳሎን አስወጣችው። እውነቷን ነው። ማስቲሹን ከፍቼ ገና መቀባት ስጀምር አስሟ ተነሣባት፤ የሚሳበውን መድኃኒቷን ይዛ ግድግዳ ተደገፈች። "ሊዲያ፣ እኔን ገድለሽ ነው ድራማ የምትሠሪው?" አለችኝ። መስኮቱን ሁሉ በረገድኩት። ሽታው ግን መጋረጃው ላይ ቀረ።

የራስ ቁሩን ልሥራ ያልኩት ለወንድሜ ለናኦል ነው። ናኦል ሞጆ ደረቅ ወደብ ነው የሚሠራው። ጎበዝ ልጅ ነው፤ ሰው ፊት ሲቆም ግን ይንተባተባል። በቤተ ክርስቲያን የወጣቶች ድራማ ላይ የጦር አለቃውን ሁን ሲሉት እንቢ ይላል ብዬ ነበር። "ፊ-ፊቴ የሚሸፈን ከሆነ እሺ" አለ። መብራት ጠፍቶ በጨለማ ስናወራ ቃል አይዘውም፣ ይህን እኔ አውቃለሁ። ስለዚህ ፊት የሚሸፍን ቁር ያስፈልጋል። ድራማው እሑድ ነው።

የምሠራበት ቦታ ግን የለኝም።

ማክሰኞ

በረንዳውን ሞከርኩ። የአዳማ ንፋስ! የካርቶን ቅዶቼን አንሥቶ አጥር አሻገራቸው። የቀባሁት ማስቲሽ ላይ አቧራ ተጋገረበት፣ አልጣበቅ አለ። ለቁሩ የምቆራርጠው የስፖርት ምንጣፌን ነው፣ ሌላ የለኝም። የቁሩን የግራ ጉንጭ ደጋግሜ አበላሸሁት።

ናኦል ከሥራ ገብቶ አየኝና "ተ-ተዪው በቃ። ሌላ ሰው ይሥራው" አለ። ይሥራው ያለው ቁሩን አይደለም፣ አለቃውን ነው። ጮኽኩበት። እሱም ጮኸብኝ።

ረቡዕ

ቦታ ተገኘ! ጎረቤታችን አዴ ጫልቱ የትናንቱን ጩኸት ሰምተው ነው መሰል፣ በአጥሩ በኩል "ኮቱ፣ ነይ እስቲ" ብለው ጠሩኝ። ባላቸው ጋሽ ቶሎሳ የጭነት መኪና ሹፌር ናቸው። ግቢያቸው ውስጥ መኪናው የሚያድርበት የቆርቆሮ ሼድ አለ፣ ንፋስ አያስገባም። "ቶሎሳ ጅቡቲ ነው። እስከ ቅዳሜም አይመለስም። እዚያ ሥሪ" አሉኝ።

አሮጌ በር በሁለት በርሜል ላይ አጋደምን፣ ጠረጴዛ ሆነ። ከቤታቸው የመብራት ገመድ ሳብን። መቁረጫ፣ ማስቲሽ፣ ምንጣፉን አሙቄ የማጎብጥበት የፀጉር ማድረቂያ፣ በጭንቅላት ፋንታ የተገለበጠ ድስት። ሁሉም በየቦታው። ግማሹን አጣበቅኩ። ከዚያ መብራት ሄደ። ይሁን። ቦታ አለኝ።

ሐሙስ

ቦታ የለኝም።

ጋሽ ቶሎሳ ሳይታሰቡ ጎህ ሳይቀድ ገቡ። መኪናውን ወደ ኋላ ሲያስገቡ በርሜሉን ገጩት። ጠዋት ስሄድ የቁሩ ግማሽ እንደ ቂጣ ተጠፍጥፎ ጎማ ሥር ነው። ቆሜ አለቀስኩ፤ ትልቅ ሴትዮ፣ ለምንጣፍ ቁራጭ! ጋሽ ቶሎሳ ደነገጡ። "ምነው ልጄ፣ እኔ ምኑን ዐውቄ? ጭነቱ ቶሎ ተራገፈልኝ ብዬ ደስ ብሎኝ ነው የመጣሁት።"

"ቤቱ የእርስዎ ነው፣ ጥፋት የለብዎትም" አልኳቸው። ሆዴ ግን አልተቀበለውም። ለናኦል አልነገርኩትም። ከነገርኩት አበቃ።

ከሥራ ስመለስ መኪናው መንገድ ዳር ቆሟል። ሼዱ ተጠርጓል፣ በሩም በርሜሎቹ ላይ ተመልሷል።

"ጋሼ፣ ውጭ ካደረ ሌቦች ነዳጅ ይቀዱብዎታል" አልኳቸው።

"ጋቢና ውስጥ እተኛለሁ። ለምጄዋለሁ" አሉ።

አፈርኩ። የተረፈውን ለቅሜ እንደገና ጀመርኩ።

ዓርብ

ከሥራ አስፈቅጄ ቀረሁ። ምንጣፉ አለቀ፣ የጎደለውን በካርቶን ሞላሁት። ጣቴን ቆረጥኩ። በአፉ በኩል ተጣመመ፤ ፈታሁት፣ ሠራሁት፣ ደግሞ ተጣመመ፣ ደግሞ ፈታሁት። የነሐስ ቀለም ስነፋበት ግን ቁር መሰለ! አዴ ጫልቱ "ያ ረቢ!" አሉ።

ናኦልን ጠርቼ አስደፋሁት። ልክክ አለ። ከውስጥ ሆኖ የድርሻውን ንግግር አንዴም ሳይሰናከል ተወጣው። እማዬ ከአጥሩ ወዲያ አፍንጫዋን በሻሿ ይዛ ታዳምጥ ነበር። ቀና ስል ፊቷን አዞረች።

ቅዳሜ

ልምምድ። ናኦል መድረክ ላይ ወጣ፣ ተናገረ፣ ምንም አይሰማም። ጉምጉምታ ብቻ። ትናንት የሰማነው ለካ አጠገቡ ስለቆምን ነው። ማይክ ከውስጥ አስገባን፣ እሱም ሲጢጥ አለ።

የድራማው መሪ ትዕግሥት "ወይ አፉ ይከፈት፣ ወይ ሌላ ሰው ያለ ቁር ይሥራ" አለች። ያንን አፍ ስንቴ እንደፈታሁት እሷ ምን ታውቃለች! ተከራከርኳት። አፉ ከተከፈተ ፊቱ ይታያላ! ይህን ግን በሰው ፊት እንዴት ልበል?

ናኦል ቁሩን አወለቀ። "መ-መቁረጫሽን ስጪኝ" አለ። ሰጠሁት። መድረኩ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ከአፍንጫው በታች ያለውን በሙሉ ገመሰው። ከሚያስፈልገው በላይ። ከንፈሩ፣ አገጩ፣ ሁሉም ይታያል።

ደፍቶ ቆመ። የመጀመሪያው ቃል ያዘው። ጠበቅን። ወጣለት። መሐል ላይ ደግሞ ያዘው፣ ደግሞ ወጣለት። ድምፁ እስከ መጨረሻው ወንበር ድረስ ተሰማ።

ወደ ቤት ስንመለስ ነገ ይወጣል ወይስ ይቀራል ብዬ መጠየቅ ፈራሁ። ግቢ ስንደርስ "ጠ-ጠርዙ ጉንጬን ይቧጭረኛል" አለኝና ቁሩን እጄ ላይ አስቀምጦ ገባ።

ብርጭቆ ወረቀት ፈልጌ አገኘሁ። ጠርዙን እያለሰለስኩት ነው።