ባሕሩ በየት በኩል ነው?

ለምወድሽና ለምትናፍቂኝ እታለም፣

ከባሕር አሸዋ የበዛ ሰላምታ ይድረስሽ እንዳልልሽ አሸዋው ያለው አንቺ ጋ ነው፤ ስለዚህ በደጃችን አቧራ ልክ ሰላም ብዬሻለሁ፤ እሱም ቢሆን ቀላል አይደለም። ጤናሽ እንዴት ነው? እጅሽስ? ያ ሳሙና የላጠው ጣትሽ ዳነልሽ? የሆቴሉ አንሶላ ዛሬም ታጥቦ አያልቅም? እናታችን «በእርጥብ ወለል ላይ በባዶ እግሯ እንዳትቆም ብለሽ ጻፊ» ብላኛለች፤ ይኸው ጻፍኩ። አክስታችን ምክር ቤትም ስለ ወገብሽ ብዙ የምትለው ነበራት፤ ወረቀቱ እንዳያልቅብኝ ዘልዬዋለሁ። ይህን ስም እንዳወጣንላት ዛሬም አታውቅም፤ አደራሽን። እኛ ሁላችንም ደህና ነን፤ ደህና ያልሆነውን ከታች ታነቢዋለሽ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። እንመጣለን። አንቺን እንግዳ በበዛ ቁጥር ፈቃድ ይከለክሉሻል፤ እንግዳው ደግሞ በየዓመቱ ይበዛል። እስኪያልቅ ብንጠብቅ እኔም አርጅቼ እንደ ወላጆቻችን መነጫነጭ እጀምራለሁ። የምንመጣውም ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው ዓይንሽን አይተን ለመመለስ አይደለም። ሳምንት ሙሉ እግራችንን ባሕር ውስጥ ነክረን ለመቀመጥ ነው። ትምህርት ከመከፈቱ በፊት፣ የእንግዳው ጎርፍ ጋብ ሲል፣ ያቺ ያልሽኝ ጡረተኛ ነርስ ክፍሏን በግማሽ ዋጋ ታከራያለች አይደል? ምድጃ ካለው እዚያው አብስለን እንበላለን፤ በምግብ ቤቶቹ ደጃፍ ስናልፍ አፍንጫችንን እንይዛለን። እስከ ድንበር በአውቶቡስ፣ ከድንበር ወዲያ በባቡር። ከጣቢያው እስከ ክፍሉ በእግር ቅርብ ነው ብለሽኛል፤ ቅርብ የሆነው ግን በአንቺ እርምጃ ነው ወይስ በእናታችን? ይህን አጣርተሽ ጻፊልኝ። ፓስፖርታችን ወጥቶልናል። በፎቶው ላይ እናታችን ፎቶ አንሺውን የተቆጣች ትመስላለች፤ ተቆጥታውም ነበር።

ያስቸገረኝ አባዬ ነው። ስትሄጂ በር ላይ ቆሞ ያለሽን አትረሺውም፤ «አንቺ ቦታሽን ያዢ እንጂ፣ እኔ ራሴ ነድቼ፣ እናትሽን ከጎኔ አስቀምጬ፣ ደጅሽ ድረስ እመጣለሁ» ብሎሽ ነበር። ሰው በቃሉ፣ በሬ በቀንዱ ይታሰራል። አሁን መኪናዋ የለችም። ጀምበር ሲያዘቀዝቅ ሰውና ጥላ መለየት ስላቃተው ሐኪሙ መንዳት ከለከለው። ለሰው የሚያወራው ግን «ጥሩ ዋጋ ስላወጣች ሸጥኳት» እያለ ነው። የጎረቤታችንን የብረት በር የገጨውም በሩ ተጠግቶበት ነው። ትርፍ ቁልፏ እስከ ዛሬ መግቢያው ላይ ካለው ምስማር ተሰቅሏል፤ እሷ ትቆም የነበረበት ቦታ ላይ ደግሞ እናታችን ልብስ ታሰጣለች። ጉዞውን ባነሳሁ ቁጥር መልሱ አንድ ነው፤ ቤተሰብ ይዞ ያለ መኪና አይወጣም፣ እንደ ጆንያ ተጭኜ ልጄ ፊት አልቀርብም፣ እናንተ ሂዱ፣ እኔ ቤት እጠብቃለሁ። ምኑን ነው የሚጠብቀው? ቴሌቪዥኑን? እናታችንም ያለ እሱ ንቅንቅ አልልም አለች። እሱ ከቀረ ሁላችንም ቀረን ማለት ነው።

እኔም ሙጭጭ አልኩ። ለመለማመጃ ከምክር ቤት ሻንጣ ጀመርኩ። ሁለት ብርድ ልብስ፣ ትልቁን ድስት፣ ጃንጥላና የራሷን ትራስ አዘጋጅታለች። ለምን ስትባል «ምን ይታወቃል» ትላለች። እኔም መኪና ስለሌለን ማንም የሌላውን ዕቃ አይሸከምም ብዬ ደነገግኩና፣ ሻንጣዋን ይዛ ዳቦ ቤቱ ድረስ ደርሳ እንድትመለስ አደረግኩ። ስትመለስ ሻንጣው ቀሎ ይወዛወዛል። ለካ ድስቱን ለዳቦ ጋጋሪው አደራ ሰጥታ፣ ብርድ ልብሶቹን ልብስ ሰፊው ጋ ጥላ፣ ትራሱን ደግሞ ደረጃው ላይ ተቀምጣበት እዚያው ረስታው ነው። አባዬ በረንዳ ላይ ሆኖ ሲስቅ ዋለ። ሳቅ በል አልኩ በሆዴ፤ ተራው ያንተ ነው።

የአባዬ መነጽር የሚሠራው፣ ዕድሜውን ሙሉ ዱቄት ጭኖ በተመላለሰበት መንገድ ጫፍ ባለችው ከተማ ነው። በጎረቤታችን መኪና ለመሄድ አስቦ ነበር። ያው በሩ የተገጨበት ጎረቤት ነው፤ ቀድሜ አናግሬው ስለነበር «መኪናዬ ጋራዥ ናት» አለልኝ። እንዲህ ያለ ጎረቤት ይብዛልን። በአውቶቡስ ሄድን። አባዬ ከሾፌሯ ጀርባ ያለውን ወንበር ያዘ። አዎ፣ ሾፌሯ ሴት ናት፤ በዕድሜ አንቺን ታህላለች። ገና ከመናኸሪያው ሳንወጣ ቀኝ እግሩ ሥራ ጀመረ። ፍሬን ይይዛል፣ ነዳጅ ይሰጣል፣ ኩርባ ላይ በትከሻው ያዞራል። ፍሬን ሲጠፋው የረገጠው የኔን እግር ነው። ቀጥሎ አፉ ተከፈተ፤ ማርሽ ቀንሺ፣ ያን የጭነት መኪና አላየሽም፣ ቀኝሽን ያዢ። ተሳፋሪው ሁሉ እኛን ማየት ጀመረ። እኔ መስኮቱን ከፍቼ ብዘል ደስ ባለኝ።

ሾፌሯ ግን አልተቆጣችም። መንገደኛ ለማውረድ ስትቆም ዞር ብላ፣ «አባባ፣ ሾፌር ነበሩ አይደል?» አለችው።

«ሠላሳ ዓመት» አለ ደረቱን ነፍቶ። «እዚሁ መንገድ ላይ።»

«እንግዲያው እርስዎም እንደኔ ያዩት አስፋልቱን ብቻ ነው። ዛሬ ግራ ቀኙን ይዩልኝ፤ እኔ እንደሆንኩ ዓይኔን አላነሳም።»

ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ቅር ብሎት ተኮሳትሮ ነው ብዬ ነበር። ብዙ ከሄድን በኋላ በክርኑ ነካ አደረገኝና፣ «ወንዙ እዚህ ጋ ይህን ያህል ሰፊ ነው እንዴ?» አለኝ። ከድልድዩ ሥር ልጆች ይዋኛሉ። እሱ ለካ እስከዛሬ የሚያውቀው ድልድዩ ጠባብ መሆኑን የሚያስጠነቅቀውን ምልክት ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ማን ያስቁመው፤ የጡብ ፋብሪካውን፣ የንብ ቀፎዎቹን፣ ሰማያዊ በር ያለውን ቤት፣ ሁሉንም እንደ አስጎብኚ ጮክ ብሎ ለሾፌሯ ይነግራት ጀመር። እሷም «እውነትዎን ነው?» ትለዋለች። ስንመለስ ሳልነግረው ራሱ መስኮት አጠገብ ሄዶ ተቀመጠ። እግሩ አልፎ አልፎ ፍሬን መያዙን አልተወም፤ አልዋሽሽም።

ከዚያ በኋላ ስለ ጉዞው አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ሰነበተ። እኔም አፌን ያዝኩ፤ ይህ ለኔ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ታውቂያለሽ። ዛሬ ልብስ ሳሰጣ መጣና መቆንጠጫውን ያቀብለኝ ጀመር። መቆንጠጫ ሲያቀብል አይቼው ስለማላውቅ ነገር እንዳለው ገባኝ።

«ያ ባቡር» አለኝ፣ «ባሕሩን የሚያሳየው በየት በኩል ነው? በግራ ነው በቀኝ?»

«አንተ ምን ቸገረህ? ቤት ጠባቂ አይደለህ?» አልኩት።

«እህትሽን ጠይቂያት። ያን ሁሉ አገር አቋርጬ፣ በማይሆን በኩል ተቀምጬ ተራራ ሳይ እንዳልመጣ።» ሌላ መቆንጠጫ አቀበለኝና ደግሞ፣ «ነድቼ እመጣለሁ ያልኳትን እንዳታነሳብኝ በያት» አለኝ። ከአንሶላው ጀርባ ስለነበር ፊቱን አላየሁትም።

ስለዚህ እታለም፣ አታንሺበት። ቁልፉ ዛሬም ምስማሩ ላይ ነው፤ እኔም አልነካሁትም። ክፍሉን ያዢልን፤ ደግሞ ግራ ወይም ቀኝ ብለሽ ቶሎ ጻፊልኝ፤ ትኬቱን ያ ብቻ ነው ያቆየው።

አንድ ክፍል አብራሽ ለምትኖረው ልጅ ሰላም በይልኝ፤ ምክር ቤት ከመምጣቷ በፊት በደንብ እንቅልፏን ትተኛ። ለጡረተኛዋ ነርስም ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ ጨዋ ቤተሰብ ናቸው ብለሽ ንገሪያት፤ ቀድማ ከሰማችው ይሻላል። እናታችን ጉንጭሽን ስማሻለች፤ ባሕሩ ከጉልበት በላይ ከሆነ አልገባም ብላለች። ምክር ቤት ስማሻለች፤ ትራሷ ተገኝቷል። አባዬ ሰላምታ አልላከልሽም፤ ይዤው እመጣለሁ ብሏል።

ታናሽሽ

ከቀድሞው የመኪና ማቆሚያ፣ ከዛሬው የልብስ ማስጫ
ትምህርት በተዘጋ በሁለተኛው እሑድ