እታለም የሚባል መንገደኛ የለም

ይድረስ ለወንድሜ ለማሙሽ፤ ፀጉሩ ሸሽቶ ስሙ ብቻ ልጅ ሆኖ ለቀረለት።

እንደምን ከርመህልኛል? ወገብህስ? ያ የሚያስነጥስህ የሳሙና ብናኝስ ለቀቀህ? ሚስትህ እንዴት ናት? ትልቋ ልጅህ አሁንም ሒሳብንና አንተን አልሰማም እንዳለች ነው? የትንሹስ ጥርስ በቀለ? እኔ ደህና ነኝ። እዚህ መድኃኒት ሞልቷል፤ ለናፍቆትህ የሚሆን ግን አላገኘሁም። ስለ እማዬ ኋላ እደርስበታለሁ፤ ልማድህን አውቃለሁና ወደ መጨረሻው ገጽ እንዳትዘል።

ስልክ እያለ ደብዳቤ መጻፌ ያለ ምክንያት አይደለም። አንተ ነገር ሲጠናብህ «እታለም፣ መስመሩ ይቆራረጣል» ትልና ትጠፋለህ። ደብዳቤ አይቆራረጥም። ቁጭ ብለህ ታነበዋለህ።

አስቀድሞ ምስጋና። ትኬቱን የቆረጠ እጅህ ይባረክ። ያንኑ እጅህን ደግሞ ለአንድ አፍታ ከአርጩሜ ጋር ባገኘው ደስ ይለኝ ነበር። ለምን እንደሆነ እነግርሃለሁ።

ወደ እማዬ በምበርበት ቀን ዋዜማ ቦርዲንግ ፓሱን በስልኬ ላወጣ ብዬ የላክልኝን ቁጥርና ስሜን በፓስፖርቴ እንዳለው አስገባሁ። «በዚህ ስም የተመዘገበ መንገደኛ የለም» አለኝ። መነጽሬን ወልውዬ ደገምኩት። የለም። ይኸን ሁሉ ዘመን መጋረጃ ሰፍቼ፣ ቤት ተከራይቼ፣ ወንድም አሳድጌ፣ ለካስ የለሁም! አሠሪዬ፣ ባለሱቋ፣ «ሲስተም ነው፤ ነገ እዚያው ባንኮኒው ላይ ያስተካክሉልሻል» አለችኝ። እሷ ሲስተም ያላለችው ነገር የለም። ጣሪያው ሲያፈስም ሲስተም ነው።

ጭንቀቴን ታውቀዋለህ። የእማዬ የዓይን ቀዶ ጥገና ማክሰኞ ጠዋት ነበር። እሷም «ከልጆቼ አንዱ እጄን ሳይዘኝ ዓይኔን ማንም አይነካትም» ብላ ሐኪሙን አስጨንቃዋለች። እሱ ደግሞ ከሩቅ የሚመጣው ለጥቂት ቀን ነው፤ ካመለጠን ወራት መጠበቅ ነው። ሞራው ሁለቱንም ዓይኗን ጋርዶባት አጎታችንን በድምፁ፣ ጎረቤቷን በሳሏ ነበር የምትለያቸው። የሰኞው አውሮፕላን ካመለጠኝ ማክሰኞ እጇን የሚይዝ አልነበረም።

ሰኞ በጠዋት ኤርፖርት ሄጄ ተሰለፍኩ። ባንኮኒው ላይ ያለችው ልጅ ፓስፖርቴን አየች፣ ኮምፒውተሩን አየች፣ እኔን አየች፤ ሦስታችን አልገጠምንላትም። «እናቴ፣ የእርስዎ ስም የለም» አለችኝ። «እናቴ» ማለቷን ይዤባታለሁ። «በአባትዎ ስም ግን አንዲት መንገደኛ አለች፤ እታለም የምትባል። እህትዎ ናት?» ማሙሽ! ያኔ ምድር ብትከፈትልኝ ገብቼ፣ በሥር በሥሩ መጥቼ አንቅህ ነበር።

«እኔው ነኝ» አልኳት። «ፓስፖርቱ እንደሱ አይልም» አለች። «ፓስፖርቱን የሰጠኝ መንግሥት ነው፤ እታለም ያለኝ ወንድሜ ነው» አልኳት። «እንግዲያው ወንድምዎ ፓስፖርት ይስጥዎታ!» አለችኝ። ከኋላዬ የነበረ ባለ ትልቅ ሻንጣ ሰውዬ ደግሞ «እመቤት፣ ዳር ይዘው እታለምን ይጠብቋት፤ እኛ እንለፍ» አይል መሰለህ! በመጨረሻ አለቃዋ መጣ፤ ክራባቱ ሆዱ ላይ ጋደም ያለለት ሰው ነው። ስሙን ማስተካከል የሚቻለው ትኬቱን የቆረጠው ሰው ራሱ ሲጠይቅ ነው ብሎ ፈረደ። «ይደወልለት» አልኩ።

ከዚህ በኋላ ያለውን የምታውቀው ይመስልሃል፤ ስልኩ ላይ ነበርክና። አንተ ግን የሰማኸውን እንጂ የሆነውን አላየህም። አለቃው ስልኬን ድምፁን ከፍቶ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠው። አንተ ስታነሣው የልብስ ማጠቢያ ማሽኖቻችሁ ሲያጓሩ ሰምቶ «ሰውዬው ከእኛ ቀድሞ በረረ እንዴ?» አለና ሰልፈኛው ሁሉ ሳቀ። ምን ብለህ እንደ መዘገብከኝ ሲጠይቅህ ያለ አንዳች ሐፍረት «ስም ይላል፤ ስሟን ጻፍኩ» አልከው። «ስሟ ማነው?» ሲልህ «እታለም ነዋ!» ልጅቷ አፏን በፓስፖርቴ ሸፈነች።

«ፓስፖርቷ ላይ ያለውን ንገረኝ» አለህ።  ማሽኑ ብቻ ያጉረመርማል። «አታውቀውም?» አለህ። «አውቀዋለሁ» አልክ። «በላ እንግዲያ!» ቢልህ «እሷ ትሰማኛለች?» ብለህ ጠየቅከው። «እዚሁ አጠገቤ ቆማለች» አለህ። ያኔ «እታለም፣ ይቅር በይኝ» አልክና ስሜን ጠራኸው። ሙሉውን፣ ከነአባታችን።

ማሙሽዬ፣ ቀልዱን እዚህ ላይ ትንሽ ላሳርፈው። አዝዬ ካሳደግኩህ ጊዜ ጀምሮ ስሜ ከአፍህ ወጥቶ አያውቅም። መጥራቱ ይህን ያህል እንደሚከብድህም አላውቅም ነበር። ያስደነገጠኝ ግን እሱ አይደለም። ወደ በሩ ዞር አልኩ። እውነቴን ነው፣ አባባ የገባ መስሎኝ ዞር አልኩ። በቤታችን ስሜን እንዲያ አሟልቶ የሚጠራው እሱ ብቻ ነበር፤ መጨረሻው ላይ ጫን ብሎ፣ የዘነጋሁትን ሥራ እንደሚያስታውሰኝ ሁሉ። አንተም እዚያው ላይ ጫን አልክ። ድምፁን መቼ ነው የወሰድከው? ስትሄድ ሻንጣህን ያሰናዳሁልህ እኔ ነበርኩ፤ እዚያ ውስጥ አልነበረም።

እንባዬ መጣ። አለቃው በትኬቱ የማለቅስ መስሎት «ኧረ ተስተካክሏል፣ አይዞሽ እታለም!» አለኝ። ከዚያ ወዲያ ያ ኤርፖርት በሙሉ ታናሽ ወንድሜ ሆኖ ቀረ። ባንኮኒው ላይ ያለችው ኮስታራ ልጅ እንኳ ቦርዲንግ ፓሱን ስትሰጠኝ «በሰላም ይግቡ እታለም» አለችኝ። ወረቀቱ ላይ የፓስፖርት ስሜ ወጥቷል። ለድምፅ ማጉያው ግን የነገረው አልነበረም፤ ፍተሻውን ጨርሼ ጫማዬን ሳስር «መንገደኛ እታለም፣ መንገደኛ እታለም፣ የመጨረሻ ጥሪ ነው» እያለ ጣሪያው ተጣራ። አንድ ጫማዬን በእጄ ይዤ ሮጥኩ።

ደረስኩ። ማክሰኞ ሐኪሙ «እዚህ ክፍል ቤተሰብ አይገባም» ሲል እማዬ ከአልጋው ወርዳ በእግሯ ጫማዋን መፈለግ ጀመረች። ወዲያው ተፈቀደ። እስኪያልቅ እጇን ይዤ ነበር፤ ወይም እሷ የእኔን ይዛ ነበር፤ ጣቶቼ እስከ ማታ ደንዝዘው ዋሉ።

ብርሃን እንዳይወጋት ብዬ ወፍራም መጋረጃ ሰፍቼ መጥቼ ስለነበር አልጋዋ አጠገብ ካለው መስኮት ላይ ሰቀልኩት። የሐኪሙ ረዳት ቤት ድረስ መጥቶ ፋሻውን አነሣላትና «እንዴት ነው እማማ፣ ይታይዎታል?» አላት።  መጋረጃውን አየች፣ ቆይታ አየችውና «የታችኛው ስፌት ጠምሟል» አለች። ሄጄ ለካሁት። ጠምሟል! በሥራዬ ስሳሳት እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብላ «አንቺ ደግሞ መቼ ነው እንዲህ ያረጀሽው?» አለችኝ። ዓይኗ ድኗል። ምላሷ ድሮም አልታመመም።

እንግዲህ የፈራኸው ገጽ ላይ ደረስክ። የቀረው ዓይኗ ሐኪሙ በጥር ሲመለስ ነው የሚሠራላት። እማዬም «የዚህኛውን እታለም ይዛልኛለች፤ የዚያኛውን ማሙሽ ይያዝልኝ። ካልመጣ በአንዱ እኖራለሁ» ብላለች። የእኔን እጅ ላበድርለት ብላት «ያንቺማ ተራሽ አለፈ» አለችኝ።

አንተ ትኬት መላክ ትችልበታለህ፤ መድኃኒትም ልብስም ትልካለህ። ራስህን መላክ ብቻ አቃተህ። አባባ ሲሞት የመኖሪያ ወረቀት አልነበረህም፤ ብትመጣ መመለሻ አልነበረህም። እዚህ ቤት ማንም አልወቀሰህም። አንተ ግን ራስህ ከሰህ፣ ራስህ መስክረህ፣ ራስህ ፈርደህ፣ ወረቀቱ ከወጣልህም በኋላ እዚያው ታስረህ ተቀምጠሃል። ይግባኝ ብዬልሃለሁ። ዳኛዋ እማዬ ናት፤ ነጻ ነህ ብላለች። ውሳኔው ግን በአካል ለቀረበ ብቻ ነው የሚነበበው። ስለ ድምፅህ አልነገርኳትም። ከበሩ ላይ ቆመህ ስትጣራ ራሷ ትስማው።

የጥር ወሩን ትኬት የምቆርጠው እኔ ነኝ፤ እንዳትከራከረኝ። ስለዚህ ስምህን በፓስፖርትህ እንዳለው፣ ፊደል በፊደል ጽፈህ ላክልኝ። ትናንት ፎርሙን ከፍቼ «ስም» የሚለው ላይ ብደርስ፣ ጣቴ እኔን ሳታማክር «ማሙሽ» ብላ ጽፋ አገኘኋት።

ለሚስትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ ይህን ደብዳቤ ብትደብቃትም ታገኘዋለች፣ አምናታለሁ። ትልቋን ሳምልኝ፤ አለመስማት በዘር ነው በላት። የትንሹን ድድ በጣትህ እሽልኝ። አጎታችን «ልጁ መላጣ ሆኗል የሚሉት እውነት ነው?» ይልሃል፤ ጎረቤታችንም ሳሏንና ሰላምታዋን ልካለች። እማዬን ሰላምታሽን ልጻፍለት ወይ ብላት «አትጻፊለት፤ እዚህ አስቀምጬለታለሁ፣ መጥቶ ይውሰድ» ብላለች።

እህትህ እታለም

ከእማዬ ቤት፣ ከጠማማው መጋረጃ ሥር
ጥቅምት 21 ቀን