የአባባ እግር

ውድ እህቴ ኢንሳፍ፣ አሰላሙ ዓለይኩም። የጅዳ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? እኛ እዚህ ሐይቅ ከተማ ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ።

በፊዚዮቴራፒ ከተመረቅኩ ወዲህ የመጀመሪያው ታካሚዬ አባባ ሆኗል። ከጣራው ወድቆ ወገቡ ከተሰበረ ጀምሮ የተኛውን እግሩን፣ ከደሴ ባመጣሁት ማሽን በኤሌክትሪክ አነቃቃዋለሁ። ትናንት ሽቦዎቹን ጭኑ ላይ ለጥፌ ማሽኑን ስከፍተው እግሩ ብድግ አለ! እማማ እልል ስትል ጎረቤቱ ሁሉ ገባ።

አጎታችን አሊ ግን፣ «የታረደ በሬ ሥጋም እኮ ተሰቅሎ ይንዘፈዘፋል» ብሎ ሰዉን አሳቀ። ከሁሉም በላይ የሳቀው አባባ ነው።

«ጨምርበት እንጂ ሙነወር፣ ምን ትሰስታለህ?» አለኝ።

ጨመርኩ። ሽቦዎቹን ሳነሣ የጭኑ ቆዳ ተቃጥሎ ተልጧል። «አላመመህም?» ብለው፣ «የልጄ እጅ ምን ያመኛል?» አለ። ጀግና ነው።

ማሽኑን ዘግቼ፣ «እስቲ ራስህ አንሣው» አልኩት። ግንባሩ በላብ ተጠመቀ። እግሩ ደክሞት ይሆናል።

«አብሽር ልጄ፣ ነገ ይነሣል» ብሎ አጽናናኝ።

«ለዒድ ኢንሳፍ ስትመጣ መስጊድ በእግሬ ነው የምሄደው፤ ጫማ ታምጣልኝ» ብሎሻል። ሻንጣሽ ከሞላ ግን ጫማው ይቅር። ተቀምጠው የሚሰግዱበት ወፈር ያለ መስገጃ አምጪለት።

እማማ ጉንጭሽን ስማለች። አላህ በደህና ያግባሽ።

ወንድምሽ ሙነወር