ከጠረጴዛው እግር ስር ያገኘሁት

ውድ ወንድሜ ኩርዲን፣

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ መስመር ሳልጽፍልህ ቆይቼ ዛሬ ብዕር ሳነሳ ሰው የሞተ መስሎህ እንዳትደነግጥ። እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ ሁላችንም አለን። ስልክ ደጋግሜ ደውዬልህ ነበር፤ የእኔን ቁጥር ስታይ እንደማታነሳ ግን ይገባኛል።

ያቺን የገና ዋዜማ አልረሳሃትም። እማዬ አምስቱን የማጥቀሻ ስጎዎች በየሳህናቸው ደርድራለች፣ ሥጋ በሹካ እየነከርን የምናበስልበት የፎንዱው መረቅ በገበታው መሀል በትንሿ ምድጃ ላይ ይፈላል። አንተ ሹካህን አስቀመጥክና፣ “አባዬ፣ መረቁን እስቲ እየው። በአንድ በኩል ሊፈስ ነው፣ በሌላው በኩል ጎድሏል። ቤቱ ከነመሬቱ ወደ ገደሉ እየሄደ ነው” አልክ። አባዬ በገዛ እጁ የሠራውን ቤት!

“የሚሄደውስ ያንተ ጭንቅላት ነው፤ ውሸታም” አለህና ወደ እኔ ዞረ። “አንቺስ ማድላይና፣ የሚታይሽ ነገር አለ?”

አይቼ ነበር። የነጭ ሽንኩርቱ ማጥቀሻ ወደ አንተ ወንበር አዘንብሎ የሳህኑን ጠርዝ ሲነካ አይቻለሁ። “ምንም አይታየኝም” አልኩ። አንተም ኮትህን አንስተህ ወጣህ። ፈርቼ ነው የዋሸሁት፣ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ከዚያ ወዲህ መረቁ አዘንብሎ አያውቅም። በየዓመቱ አባዬ ቀደም ብሎ ሳሎን ይገባና “ጠረጴዛውን ላሰናዳ” ብሎ በሩን ይዘጋል። እኔም ኩርዲን ተሳስቶ ነው እያልኩ ራሴን ሳሞኝ ኖርኩ። ባለፈው መኸር የመንደሩ ምክር ቤት ሰዎች መጥተው “መሬቱ ይናዳልና በረዶው መቅለጥ ሳይጀምር ልቀቁ” የሚል ወረቀት ሲሰጡት፣ አባዬ አጣጥፎ እሳት ውስጥ ከተተው።

ዘንድሮ ገበታውን ሳሰናዳ አንድ ሹካ አመለጠኝና ጠረጴዛው ስር ገባሁ። በአንተ ወንበር በኩል ካሉት ሁለት እግሮች ስር ስስ ጣውላዎች ተደራርበዋል፤ በየእግሩ ዘጠኝ ዘጠኝ ናቸው። በእያንዳንዱ ላይ ዓመቱ በአባዬ የአናጢ እርሳስ ተጽፏል። የመጀመሪያዎቹ ስምንቱ እንደ ካርቶን የሳሱ ናቸው። የዘንድሮው ግን ትንሿን ጣቴን ያክላል። እዚያው ተንበርክኬ ቀረሁ፤ እማዬ ባትጠራኝ መቼ እንደምወጣ እንጃ።

ለእራት ተቀመጥን። የቤታችንን ደንብ ታስታውሳለህ፤ ሥጋው ከሹካው አምልጦ መረቁ ውስጥ የወደቀበት ሰው የተጠየቀውን በእውነት ይመልሳል። ዘንድሮ አባዬ ሥጋውን በሁለተኛው ጉርሻ ጣለው።

“ተያዝክ!” አለች እማዬ እየሳቀች። “ጠይቂው፣ የሰረቀውን ብስኩት ሁሉ ይናዘዝ።”

“አባዬ፣ ቤታችን ዘንድሮ ምን ያህል ወረደ?” አልኩት።

ሹካውን ወደ መረቁ መለሰ፣ አወጣው፣ ደግሞ መለሰው። “ትንሽ ጣት ያህል” አለ በመጨረሻ። “አምና የካርቶን ያህል ነበር።”

እማዬ ትጮሃለች ብዬ ስጠብቅ ሳህኖቹን ወደ እሱ ገፋ አደረገቻቸው። “ማጥቀሻውን እስከ ግማሽ ብቻ የምሞላው ለምን ይመስልሃል? አንተ ሳሎኑን ታስተካክላለህ፤ ጓዳውን ማን ያስተካክልልኛል? ልጄ ከሄደ ጀምሮ ሙሉ ሳህን ጓዳ ውስጥ አስቀምጬ አላውቅም፤ ይፈስብኛል።”

ሁለቱም ያውቁ ነበር ኩርዲን። አንድ አልጋ ላይ እየተኙ ዘጠኝ ዓመት ተደባበቁ።

አባዬ ያን የታመመ ዳሌውን ይዞ ጠረጴዛው ስር ገባ። ጣውላዎቹን እያወጣ ከማጥቀሻዎቹ ጎን ደረደራቸው። የመጨረሻው ሲወጣ መረቁ ወደ አንተ ባዶ ወንበር በኩል ፈሰሰ፤ ጥቂቱም እሳቱ ላይ ተንጠባጥቦ ቸስ አለ።

“ልጄ ያየው ይኼንን ነው” አለ። ቆየት ብሎም፣ “ውሸታም ያልኩት እዚህ ጠረጴዛ ላይ ነው። እዚሁ መጥቶ ‘ውጣ’ ካላለኝ አልወጣም። ጻፊለት” አለኝ። ለምኜዋለሁ፣ እማዬም አልቅሳለታለች፤ እሱ ግን ያው አባዬ ነው።

ከገና ማግስት ጀምሮ በበረዶው ላይ ዝናብ እየዘነበ ነው። የምንጩ ውሃም አፈር ይዞ ደፍርሷል። ከምድጃው ጀርባ ያለው ግድግዳ አልፎ አልፎ ይንቋቋል፤ እኛም ድምፁን ስንሰማ ወሬያችንን አቋርጠን እንጠብቃለን። እማዬ ያንተን የነጭ ሽንኩርት ማጥቀሻ ከድና አስቀምጣልሃለች፣ ማንም እንዲነካው አትፈቅድም።

ይቅርታህን ኋላ እለምንሃለሁ። አሁን ግን ይህ ደብዳቤ ባዝል ከተማ እንደደረሰህ የመጀመሪያውን ባቡር ያዝ። ስትደርስ አታንኳኳ፤ የፊት በሩ መቃኑ ተጣሞ ከትናንት ጀምሮ አልዘጋ ብሏል።

ያኔ የዋሸችብህ እህትህ፣
ማድላይና