በርሜሉ ይከፈትና

ለምወድሽና ለማከብርሽ እህቴ፣ ለእትዬ፤

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ያ ደረጃ ስትወጪ የሚይዝሽ ነገር ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ግድግዳ ተደግፈሽ ነው? እማዬስ እንዴት ናት? አዲሱ መነጽር ተስማማት ወይስ እንደ ፊተኛው ሣጥን ውስጥ ቆለፈችበት? ባልሽ፣ ልጆቹ፣ ታላቅ ወንድማችን፣ ሁሉም በያሉበት ደህና ናቸው? እኔን ብትጠይቂኝ ጤናዬ ሙሉ ነው፤ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ እሠራለሁ። የጎደለኝ ሰው ብቻ ነው።

ባለፈው ስትደውዪ እማዬ ጠዋት ማታ መቼ ነው የሚመጣው እያለች አላስቀምጥ ብላኛለችና ቁርጥህን ንገረኝ አልሽኝ። እኔ ደግሞ ይቺን ሥራ ልጨርስና ብዬ ወሬ ቀየርኩ። ተናደሽ እንደዘጋሽው አውቃለሁ፤ ስትናደጂ «በል እሺ» የምትዪው ነገር አለሽ። ስልክ ላይ ምላሴ ስለሚተሳሰርብኝ ነው ዛሬ ቁጭ ብዬ የምጽፍልሽ።

የውስኪ መጋዘን ውስጥ እንደምሠራ ታውቂያለሽ። ያኔ ስነግርሽ ጠጪ ሆነህ ቀረህ በለኛ ብለሽ ነበር። አትስጊ፣ ሥራዬ መጠጣት ሳይሆን መጠበቅ ነው። ከገብስ ብቅል ብቻ የወጣው ውስኪ በእንጨት በርሜል ይሞላና ዓመት በዓመት ላይ እየተደረበ ይተኛል። እኔ በመሀላቸው በእንጨት መዶሻ እያንኳኳሁ እዞራለሁ፤ የአንዱ ድምፅ ከተለወጠ የሆነ ቦታ እያፈሰሰ ነው ማለት ነው። ሳያፈስም ቢሆን በየዓመቱ በእንጨቱ ውስጥ አልፎ ጥቂት ጥቂት ይተናል። የተነነውን መላእክት ናቸው የጠጡት ይላሉ እዚህ። አንቺ ብትሰሚ ሦስቴ ታማትቢ ነበር።

መጋዘኑ ቀዝቃዛና ጨለም ያለ ነው። ቀኑን ሙሉ ሰው ሳላናግር የምወጣበት ጊዜ ብዙ ነው። አንዳንዴ አማርኛዬ ዝጎ እንዳይቀር በርሜሎቹን እንዴት አደራችሁ እላቸዋለሁ። ክፍሌም ያው ናት። ከጎማ ቤት በላይ ያለች፣ አልጋና ጠረጴዛ ገብተው ለእኔ ቦታ ያነሳት። ጎረቤቴን የማውቀው በሳሉ ብቻ ነው። አንድ ሰሞን ሳሉ ጠፋብኝና ሞቶ ይሆን እንዴ ብዬ ግድግዳው ላይ ጆሮዬን ስደቅን ሰነበትኩ፤ ለካ ለእረፍት ሄዶ ኖሯል። ተመልሶ ሲያስል ደስ አለኝ ብልሽ ታምኚኛለሽ? ብቸኝነት እንዲህ ያደርጋል እትዬ።

ከልብ የሚያናግሩኝ አንድ ሽማግሌ በርሜል ሠሪ ናቸው። መዶሻው ከእጃቸው ስለማይለይ በሆዴ አባባ መዶሻ እላቸዋለሁ። እሳቸውም እንደኔ ከሌላ አገር የመጡ ናቸው፤ የዚህን አገር ቋንቋ ሁለታችንም እየሰባበርን ስለምናወራ ነው መሰል በደንብ እንግባባለን። እዚህ ቤት አንድ ልማድ አለ። አዲስ ሠራተኛ መጀመሪያ በእጁ የሞላው በርሜል የእሱ ይባላል። ክዳኑ ላይ በጠመኔ ምልክቱን ያደርግና እስኪከፈት ድረስ እሱው ይጠብቀዋል። የእኔ በርሜል ገና ልጅ ነው፤ የአባባ መዶሻ በርሜል ግን ከሠላሳ ዓመት በላይ የተኛ ነበር። ከመጣሁ ጀምሮ የሚሉኝ አንድ ነገር ነበር፤ «በርሜሌ የተከፈተ ዕለት ሻንጣዬን አንጠልጥዬ አገሬ እገባለሁ።»

የዛሬ ሁለት ዓመት በርሜላቸው ተከፈተ። እኔማ ለሽኝት ብዬ የአንገት ልብስ ሳይቀር ገዝቼላቸው ነበር። አለቃችን ግን ቀመሰችና ገና ነው አለች። ሼሪ የሚባል ጣፋጭ ወይን ወደነበረባቸው በርሜሎች ተገልብጦ ይቆይ ብላ አዘዘች። ያረጀ ውስኪ መጨረሻ ላይ የወይን በርሜል ውስጥ ሲቆይ ቀለሙ ይደምቃል፣ የዘቢብ ጠረን ያወጣል። ሽማግሌው ሐሞታቸው ይፈሳል ብዬ ስፈራ፣ እሳቸው እቴ! እያፏጩ የወይኑን በርሜሎች ማንከባለል ጀመሩ። ትልቅ ሸክም የወረደላቸው ነበር የሚመስሉት። ግራ ቢገባኝም ምን ብዬ ልጠይቃቸው፣ ተውኩት።

ባለፈው ሳምንት ውስኪው ከሼሪው በርሜሎች ወጣ። ደርሶ ሲወጣ ፊት የሚቀምሰው የሞላው ሰው ነውና አለቃችን ቀድታ ሰጠቻቸው። ቀለሙ የጠቆረ ማር ይመስላል። አሸተቱ፣ ቀመሱ፣ ጥሩ ነው አሉ፣ በቃ። ሁሉም አጨበጨበ፤ እየጨበጡ በሰላም ይግቡ አሏቸው። በማግስቱ ስገባ የሥራ ልብሳቸውን ለብሰው፣ መዶሻቸውን ይዘው የእኔ በርሜል አጠገብ ቆመዋል። ይሄን በርሜልህን እኔ ልጠብቅልህ ወይ ብለው ጠየቁኝ። አይሄዱም እንዴ ስላቸው ባዶ በርሜል ላይ ቁጭ አሉ።

«እናቴ መቼ ነው የምትመጣው ትለኝ ነበር» አሉኝ። «በርሜሉ ይከፈትና እላት ነበር። እሷ ስትሞት እህቴ ጠየቀችኝ፤ እሷንም እንዲሁ አልኳት። ከዚያ የሚጠይቀኝ ሰው አለቀ፤ እኔ ግን ማለቱን አልተውኩም። አንተን የሚጠይቅህ አለ?»

አለ አልኳቸው።

እትዬ፣ ሥራው አልነበረም የያዘኝ፤ ፍርሃት ነው። ስመጣ እማዬ እንደ እንግዳ ወንበር ብታቀርብልኝስ? ልጆችሽ ማነው ይሄ ሰውዬ ቢሉስ? እዚህም እዚያም ባዕድ ሆኜ ብቀርስ? ግን የሚጠይቀኝ ሰው እያለ ፈርቼም ቢሆን ልምጣ። የዚያኑ ዕለት የጠመኔ ምልክቴን በእጅጌዬ ጠረግሁና በርሜሉን ለሽማግሌው አስረከብኩ፤ ለአለቃችንም ሥራ መልቀቄን ነገርኳት። ጥር ሲጋመስ እመጣለሁ፤ ለጥየቃ ሳይሆን ለመኖር።

እሳቸውን ትቼ መምጣቱ ነው የሚያንገበግበኝ። ወደኛ ቤት አብረን እንሂድ ብላቸው ሳቁብኝ። በርሜሉስ ለማን ይቀራል አሉ። ከዚያ ወዲህ ምሳችንን አብረን ብንበላም ብዙ አናወራም።

ባልሽን እጅ ነስቼያለሁ በይልኝ። ልጆችሽን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ፤ ትልቋ ስሜን ካላወቀችው ንገሪያት። ለታላቅ ወንድማችን ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ቁጣውን እስክመጣ ያቆይልኝ። ልብስ ሰፊው ጎረቤታችን በሕይወት ካሉ እንደምን አሉ በያቸው።

ለእማዬ ግን ሰላምታ አልልክም። አንገቷ ላይ ተጠምጥሜ ራሴ አደርሳለሁ።

ናፋቂሽ ታናሽ ወንድምሽ

ከጎማ ቤቱ በላይ ካለችው ክፍሌ፣
እሑድ ከሰዓት፣ ኅዳር ሲጀምር